እትዬ በላይነሽ ምሳ የበሉበት አዳራሽ

የእትዬ በላይነሽን ማረፍ የነገረኝ ኡልፍ ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ፣ ስቶክሆልም ዳር ያለው ኪስታ ሠፈር ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት እያደስን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ኡልፍ የአርክቴክት ቢሯችን ባለቤት ነው፤ ስልክ ላይ ወሬ አያበዛም። ያን ቀን ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ "ተቀምጠሻል?" ብሎ ነው። ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር ደግ ወሬ እንደማይከተል አውቃለሁ። ከጎኔ በነበረው የጂፕሰም ቦርድ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። "በላይ ዛሬ ጠዋት አረፈች" አለኝ። እሱና እሳቸው አብረው የሸበቱ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ ሲከራከሩ እንጂ ሲስማሙ ብዙም አይቻቸው አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ትንፋሹ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

ወደ ቤቴ አልሄድኩም። እሳቸው ቢሆኑ "ሥራሽን ጨርሺ፤ ልጆቹ ሰኞ ይገባሉ አይደል እንዴ?" ይሉኝ እንደነበር አላጣሁትም። የቀረውን በር ለክቼ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሬ፣ ከዚያ በኋላ ነው ባቡር ውስጥ ያለቀስኩት።

እትዬ በላይነሽ አርክቴክት ነበሩ። ወደ ስቶክሆልም የመጡት በወጣትነታቸው፣ ለትምህርት ነው። ተምረው ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው፤ አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ፣ ጊዜው ከፋ፣ "በሚቀጥለው ዓመት" ሲሉ ሲሉ ፀጉራቸው እዚሁ ነጣ። ትዳር አልያዙም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ "ትምህርት ቤት ስሠራ ረሳሁት" ይሉ ነበር፤ ይቀልዱ ወይም የምራቸውን ይሁን ፊታቸው አያስታውቅም። አጠር፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ፀጉራቸውን ጠቅልለው እርሳስ ይሰኩበትና ቀኑን ሙሉ እርሳሱን ይፈልጋሉ። የበረዶ ቦቲያቸውን ሜይ ካልገባ አያወልቁም። "የዚህን አገር ፀሐይ አላምናትም" ይላሉ። ቢሮ ውስጥ ያሉት ስዊድኖች ስማቸው ስለረዘመባቸው አሳጥረው "በላይ" ነበር የሚሏቸው። "ወንድ አደረጉኝ እኮ" እያሉ ከእኔ ጋር ይስቃሉ፤ እነሱን ግን አንድም ቀን አላረሟቸውም።

እኔ ማስተርሴን ጨርሼ እዚያ ቢሮ የተቀጠርኩ ሰሞን፣ ኮምፒውተሬ ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ከኋላዬ መጡና በአማርኛ "ተነሺ፣ ካፖርትሽን ልበሺ" አሉኝ። አማርኛ ያልጠበቅሁበት ቦታ ስለሰማሁ ደነገጥኩ። ይዘውኝ የሄዱት ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ኖቬምበር ነበር፣ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥላል። ርእሰ መምህሯን ሰላም ብለው፣ ልጆች ካፖርትና ቦቲያቸውን ወደሚያወልቁበት ክፍል አስገቡኝ። ስዊድኖች ካፕሩም ይሉታል። ጥግ ላይ ካለች ዝቅተኛ የልጆች አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ከጎናቸው መታ መታ አደረጉ።

"ቁጭ በይበት።"

ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ወዲያው ደወል ተደወለና ልጆቹ ከጓሮ ገቡ። ርጥብ ቱታ፣ ጭቃ የጠገበ ቦቲ፣ አንድ እጁ የጠፋ ጓንት። አንዱ ዚፑ ተይዞበት ያለቅሳል፣ አንዷ የሌላ ልጅ ጫማ አድርጋ ትሮጣለች፣ አንዲት መምህርት መሐል ቆማ የማንን ዚፕ እንደምታወርድ ግራ ገብቷታል። ቦታው ከመጥበቡ የተነሳ ልጆቹ አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚያወልቁት።

"ምን አየሽ?" አሉኝ ልጆቹ ክፍል ሲገቡ።

"ትርምስ።"

"ትርምሱን ማን ያመጣው?"

"ልጆቹ ናቸዋ።"

"አይደሉም። አርክቴክቱ ነው። የሚያምረውን ሁሉ ሥሎ ሲያበቃ፣ የተረፈችው ቦታ ላይ ይኼን ወሸቀው። ስሚ፣ እዚህ አገር ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በፊደል አይደለም፤ ርጥብ ቱታ በማውለቅ ነው። እዚህ ያለቀሰ ልጅ ክፍል ገብቶ ምን ይሰማል?"

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ንድፍ ሁሉ ሳሳያቸው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። "ቁጭ ብለሽበታል?" አንዴ ተናድጄ "እትዬ፣ ገና ያልተሠራ ቤት ላይ እንዴት ብዬ ነው የምቀመጠው?" ብላቸው፣ "በሐሳብሽ ነዋ! ለሱ አይደል እንዴ የተማርሽው?" ብለው መልሰው ጮኹብኝ።

ከቢሮ ሥራቸው ሌላ፣ ቤቱን ማደስ የሚፈልግ ሐበሻ ሁሉ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። አንዳንዴ እኔንም ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ የሜትሩን ጫፍ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ሲገቡ ግድግዳ አያዩም። መጀመሪያ የሚጠይቁት "ጠዋት ከቤታችሁ ማን ቀድሞ ይነሣል? ተነሥቶስ የት ነው የሚቀመጠው?" ብለው ነው። እዚያው ኪስታ አንድ ጡረታ የወጡ ዶክተር ነበሩ፤ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ወጥ ቤታቸውን ስላስቀየሩ እሳቸውም የራሳቸውን ሙሉ በሙሉ ሊያስፈርሱ ቆርጠዋል። እትዬ በላይነሽ የሰውዬውን ሚስት "እስኪ እንደወትሮዎ ሽንኩርት ይክተፉልኝ" አሏቸውና ቁጭ ብለው ተመለከቱ። ሴትዮዋ ሲከትፉ የገዛ ጥላቸው እጃቸው ላይ ያርፋል። "ዶክተር፣ ወጥ ቤቱ ምንም አልሆነም። መብራቱ ከጀርባቸው ነው፤ እሱን ወደ ፊት ያምጡት" ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ። ዶክተሩ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ በኋላ ግን ለሰው ሁሉ የሚያወሩት ያንን ሆነ።

እኔ ግን እትዬ በላይነሽን የማስታውሳቸው ከሁሉ በላይ ሮግስቬድ ወደሚባል ሠፈር በሄድንበት አንድ ዓርብ በተጀመረው ነገር ነው።

የጠራችን ሰብለ የምትባል ረዳት ነርስ ነበረች። እሷና ባለቤቷ የጴንጤ ቤተሰብ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤታቸው ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ሳሎኑ ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ በሳሎኑና በልጃቸው መኝታ ቤት መሐል ያለችውን የልብስ ጓዳ አፍርሰው ሳሎኑን ማስፋት ፈልገዋል። በድሮዎቹ የሮግስቬድ አፓርታማዎች ውስጥ እንደዚያች ያለች፣ ሰው ቆሞ የሚገባባት፣ በር ያላት የልብስ ጓዳ አትጠፋም። ግድግዳ ለመንካት የነዋሪዎቹ ማኅበር የአርክቴክት ንድፍ ስለሚጠይቅ ነው የተጠራነው።

እየለካን ሳለ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ሊያ ከትምህርት ቤት መጣች። "ሄይ" አለችን፣ ቦርሳዋን ጣለች፣ በቀጥታ ልብስ ጓዳዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

"ሊያ! እንግዳ አለ እኮ! ነይ ውጪና ሰላም በያቸው!" አለች ሰብለ። በሩ አልተከፈተም። ሰብለ አፍራ ወደ እኛ ዞረች። "ይኸው ነው እንግዲህ፤ በየቀኑ ስትመጣ እዚያ ነው የምትወሸቀው። ጠባይ ነው፤ እኛም እየጸለይንበት ነው። ጓዳው ሲፈርስ ትተወዋለች።"

እትዬ በላይነሽ ሜትራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ የሚያማቸውን ጉልበት በእጃቸው ደግፈው፣ ከጓዳዋ በር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"ሊያ፣ እኔ በላይነሽ እባላለሁ" አሉ በአማርኛ። "ይቺን ጓዳ ላፈርስ ነው የመጣሁት። አንቺን ሳልጠይቅ ግን አላፈርሳትም።"

ትንሽ ቆይቶ በሩ ገርበብ አለ። ሊያ አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው።

"አታፍርሺው" አለች።

"ለምን?"

"እዚህ ፀጥ ይላል።"

"ትምህርት ቤትስ?"

"ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጮሃል። ሹካው ይጮሃል፣ ወንበሩ ይጮሃል፣ ሁሉም ይጮሃል። ስለዚህ አልበላም።"

"ምን ማለትሽ ነው አልበላም?" አለች ሰብለ ከኋላችን። ድምጿ ተለውጦ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የትኛው ነው ትምህርት ቤትሽ?" አሏት።

"ጫካው አጠገብ ያለው። ትልቅ የእንጨት ጣሪያ ያለው።"

እኔ እዚያው ክው አልኩ። የዚያ ጣሪያ ፎቶ በትልቁ ተሠርቶ ቢሯችን መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። መጽሔቶች ያወደሱት፣ ከሌላ ከተማ ሰው እየመጣ የሚጎበኘው የመመገቢያ አዳራሽ ነው። ሠሪዋ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

እትዬ በላይነሽ በስዊድንኛ "እሱን ትምህርት ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ" አሏት።

ሊያ በሩን በሰፊው ከፈተችውና አየቻቸው። ቁጣ የለባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

"ቫርፎር ዶ?" አለች። ለምን?

"አላውቅም" አሉ እትዬ በላይነሽ። "ሄጄ ልየው።"

ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ምድር ባቡሩ፣ ተመለስን። ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል "ሰኞ ምሳ አትያዢ" አሉኝ።

ሰኞ ርእሰ መምህሩን አስፈቅደው ከልጆቹ ጋር ተሰለፍን። ትሪያችንን ይዘን፣ ድንችና ዓሣ ተቀብለን፣ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ጣሪያው እውነትም ያምራል። ረጃጅሙ እንጨት እንደ መርከብ ሆድ ጎብጦ ይወጣል፤ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ድምፁ ግን! ወንበር በተጎተተ ቁጥር፣ ሳህን በተነካ ቁጥር፣ ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ ከመስታወቱ ጋር ተጋጭቶ ተባዝቶ ይመለሳል። ልጆቹ ለመደማመጥ ይጮሃሉ፣ ሲጮሁ ደግሞ ይብስበታል። እትዬ በላይነሽ አጠገባቸው ያለውን ልጅ ስሙን ጠየቁት፤ መለሰላቸው፤ አልሰማቸውም። ደግመው ጠየቁት፤ ደግሞ መለሰ፤ አሁንም አልሰማቸውም። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀና ምግቡ ላይ አቀረቀረ።

ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ከልጆቹ ብዙዎቹ እኛ ሳይት ላይ የምናደርገውን ዓይነት የጆሮ መከላከያ አድርገው ነበር የሚበሉት። አስፋልት እንደሚሰብር ሠራተኛ! ሊያም ግድግዳውን ተደግፋ፣ መከላከያዋን አድርጋ፣ ሳህኗ እንደሞላ ቆማለች። ስታየን እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ አወዛወዘችልን።

እትዬ በላይነሽ እስከ መጨረሻው ልጅ ተቀምጠው ቆዩ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ያ ሁሉ ድምፅ ወዲያው ጠፋና ፎቶው ላይ ያለው ሆነ።

"እዚህ ስንቴ መጥቻለሁ መሰለሽ" አሉኝ። "ሁሌም እንግዳ ይዤ ነው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ፤ ጣሪያውን ላሳይ። አንቺን 'ቁጭ በይበት' እያልኩ የማስቸግር ሴትዮ፣ ምሳ ሰዓት አንድም ቀን ቁጭ አላልኩበትም።" ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። "ፎቶ ላይ ድምፅ የለም፣ ማህሌት።"

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ሐዘን ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን በዚያው ወቅት ኖርስቦሪ በሚባል ሌላ ሠፈር ውስጥ አዲስ ትምህርት ቤት እየሠራን ነበር። የሥራውን ውድድር ያሸነፍነው ያንኑ አዳራሽ አሳይተን ነው፤ የአዲሱ ጣሪያ እንዲያውም ከፍ ይላል። ንድፉ ጸድቋል፣ መሠረቱ ተቆፍሯል፣ እንጨቱ ሊታዘዝ ነው።

እትዬ በላይነሽ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ቢሮ ሄደው ኡልፍ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። "የኖርስቦሪውን አዳራሽ አቁመው" አሉት።

"አመመሽ እንዴ? ሁሉም ነገር ጸድቋል። ደግሞስ እስካሁን ማን ቅሬታ አቀረበ?"

"ማንም ያላቀረበው የሚበሉበት ልጆች ስለሆኑ ነው።"

ኡልፍ ክፉ ሰው አይደለም። ፊቱን በእጁ ጠርጎ "እሺ፣ የድምፅ ባለሙያ እንጥራና ሳናስጮህ እናስተካክለው" አላቸው።

"ሳናስጮህማ አይሆንም። ጣሪያው ይወርዳል፣ አዳራሹ ይከፋፈላል። አሠሪዎቻችን የመረጡን በሱ ነው፤ ከእኔ ሊሰሙት ይገባል።"

"ስምሽን ታበላሺዋለሽ፣ በላይ። ጡረታ ልትወጪ ሁለት ዓመት ቀርቶሽ!"

"ስሜ ምሳ አይበላም" አሉት።

የኮሚዩኑ፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ የትምህርት ቤት ግንባታ ኮሚቴ ስብሰባ ተያዘ። እትዬ በላይነሽ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስብሰባው ሊያ በምትማርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት እንዲሆን። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ቀልጣፋ ሴት፣ ያንን ውብ ጣሪያ እንደገና የምታይ መስሏት ደስ ብሏት ተቀበለች።

ጥግ ላይ ካለ ጠረጴዛ ተቀመጥን። ሰብሳቢዋ ስብሰባውን ስትከፍት ልጆቹ ገቡ። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ የምትለው አይሰማም። አንዱ አባል እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሌላው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ለጎረቤቱ አሳየው። እትዬ በላይነሽ ምሳቸውን ይበላሉ። ኡልፍ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሣም።

በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ወደ እትዬ በላይነሽ ጎንበስ ብላ ጮኸች። "እዚህ መነጋገር አይቻልም! ሌላ ቦታ ብንሄድስ?"

እትዬ በላይነሽም ተነሥተው ጮኸው መለሱላት። "እኛስ እንሄዳለን! ልጆቹስ የት ይሂዱ?"

ሴትዮዋ ቀና ብላ አዳራሹን አየችው። ጣሪያውን ሳይሆን ልጆቹን፤ ጆሯቸው ላይ ያለውን ነገር። ተመልሳ ተቀመጠች። ልጆቹ ሲወጡ፣ ፀጥታው ሲመለስ፣ እትዬ በላይነሽ ቆመው ተናገሩ። ብዙም አላሉም። "ይህን አዳራሽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ኖርስቦሪም ያንኑ ስሕተት ይዤላችሁ እየመጣሁ ነው። ጊዜ ስጡኝና ላስተካክለው።"

ተሰጣቸው። በነጻ ግን አልነበረም። የትምህርት ቤቱ መከፈት ዘገየ፤ የኖርስቦሪ ልጆች በጊዜያዊ ባራኮች ውስጥ ተጨማሪ ክረምት ማሳለፍ ግድ ሆነባቸው። የሠፈሩ ጋዜጣ "የአርክቴክቷ ስሕተት" ብሎ ጻፈ። አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥቶ "የእርስዎ ስሕተት ለምን በልጄ ላይ ይወጣል?" ብሎ ተቆጣ። እትዬ በላይነሽ "እውነትዎን ነው፤ ሊወጣበት አይገባም ነበር" ብለው ብቻ መለሱለት። ሰውዬው ክርክር ጠብቆ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ጋዜጣውን ሳሳያቸው ደግሞ አንብበው አጠፉት። "ምን ውሸት አለበት?" አሉኝ።

ያ በጋ ከእሳቸው ጋር ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ የደመቀው ነው። እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ንድፉ ላይ የኖርስቦሪውን አዳራሽ ለሦስት ከፈልነው፣ ጣሪያውን አወረድነው፣ ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ አለበስነው። ሊያን ከእናቷ ጋር ቢሮ ጋበዟትና የካርቶኑን ሞዴል ከፊቷ አኖሩላት። ልጅቷ ዙሪያውን እየዞረች ስታየው ቆየችና፣ ድምፅ ለሚከብዳቸው ልጆች የሠራናትን ትንሽ ክፍል በጣቷ ነካች። "በሩ ላይ መስኮት ያስፈልጋል" አለች በስዊድንኛ። "ውስጥ ሆኜ ጓደኞቼ ጨርሰው ሲወጡ እንዳይ።" እትዬ በላይነሽ እርሳሳቸውን ከፀጉራቸው መዝዘው፣ ያን ቀን እንኳ ሳይፈልጉት፣ እዚያው ሞዴሉ ላይ መስኮቱን ሣሉ።

ሰብለ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። "እኔ እኮ ጠባይ ነው ብዬ እቆጣት ነበር፣ እትዬ። እየራባት እኮ ነው የምትመጣው!"

"አንቺ ምን አጠፋሽ፤ አዳራሹን የሠራሁት እኔ" አሏትና ትከሻዋን አቀፉ። "አሁን እንግዲህ የአንቺን ሳሎን እንጨርስ።" የልብስ ጓዳዋ ሳትነካ ቀረች። ሳሎኑን ያሰፉት በኮሪደሩ በኩል ነው፤ ማንም የማይቀመጥበት ረጅም ኮሪደር ነበር። የጸሎቱ ሰዎች በደንብ ተቀመጡበት። ሰብለ እንደነገረችኝ፣ እነሱ ሲዘምሩ ሊያ ጓዳዋ ውስጥ ሆና አብራ ትዘምራለች።

የኖርስቦሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሪባን ቆረጣው ላይ እትዬ በላይነሽ አልተገኙም። ኡልፍ ሲፈልጋቸው ሲፈልጋቸው፣ ለካ ወጥ ቤቱ በራፍ ላይ ከልጆቹ ጋር ትሪ ይዘው ተሰልፈዋል። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ስለ ድመቱ ያወራቸው ጀመር። ድመቱ ከሰገነት መውደቋን፣ እግሯ በፋሻ መጠቅለሉን፣ ከዚያ በኋላ እሱ አልጋ ላይ ካልሆነ አልተኛም ማለቷን። እሳቸው ቃል በቃል ሰምተው ሲመለሱ ለእኔ ነገሩኝ። ስለ ሕንፃው አንድም ነገር አላወሩም፤ ስለ ድመቷ ነው ባቡሩ ውስጥ እስክንለያይ ያወሩት።

አሮጌውን አዳራሽም አልተዉትም። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ለኮሚዩኑ እየደወሉ፣ በአካል እየሄዱ፣ ያ የተወደሰ ጣሪያ ከሥሩ ኮርኒስ እንዲሠራለት አስደረጉ። የመጽሔት ሰዎች ጣሪያው ተበላሸ ብለው አዘኑ። ሊያ ምሳዋን መብላት ጀመረች። ቢሯችን መግቢያ ላይ የነበረውንም ፎቶ ኡልፍ ራሱ አወረደው፤ ማንም አላዘዘውም።

እትዬ በላይነሽ ባለፈው ዓመት መኸር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ሌላ ሕመም ተከተለ፤ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ ተናደው አገኘኋቸው። የሕመሙ ነገር አልነበረም ያናደዳቸው።

"አልጋውን እዪልኝ" አሉኝ። "ራስጌው በመስኮቱ በኩል ነው። እዚህ የሚተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው በሩን ነው። በሩን! ማን ይመጣ ይሆን እያለ!"

ተረኛዋ ነርስ ምክንያቱን ነገረችን። የጥሪ ደወሉ ገመድ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አልጋው ቢዞር አይደርስም፤ የሁሉም ክፍል እንዲሁ ነው አለችን። እትዬ በላይነሽ በሚቀጥለው ጊዜ ሜትር ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ተኝተው እያዘዙኝ ለካሁ። ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የቤቱ ጥገና ሠራተኛ ጨዋ ሰው ስለነበር ገመዱን አመጣና አልጋውን አዞረላቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቋቸውን ሁሉ ጎንበስ ብለው ትራሱ ላይ ሆነው ውጪውን ካላዩ አይለቋቸውም ነበር። ወሬው በኮሪደሩ ተሰማ። ጎረቤታቸው ጠየቀች፣ ከሷ ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ጠየቁ። በመጨረሻ ስሄድ የኮሪደሩ አልጋ ሁሉ ዞሮ ነበር።

"አየሽ፣ እድሳት ማለት ይኼ ነው" አሉኝ። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል። "ንድፍ እንኳ አልጠየቀንም።"

ካረፉ በኋላ በሳምንቱ ዕቃቸውን ልንሰበስብ እኔና ሰብለ ሄድን። ጥቂት ልብስ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሁለት ጥንድ ቦቲ ነበር ያላቸው። ሰብለ ሻንጣውን ይዛ ስትወርድ እኔ ጎረቤታቸውን ልሰናበት ገባሁ። ከንግግር የተቆጠበች፣ መነሣት የማትችል ስዊድናዊት አሮጊት ነች። ስገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተኝታ ነበር። የእትዬ በላይነሽ ዘመድ ነኝ አልኳት፤ ያን ጊዜ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እጄን ያዘችኝ። ውጪ፣ ከመስኮቱ ፊት፣ አንድ የበርች ዛፍ ነበር።

"ክረምቱን በሙሉ ደረቅ ነበር" አለችኝ አሮጊቷ፣ ዓይኗን ከዛፉ ላይ ሳታነሣ። "ዛሬ ጠዋት ቅጠል አወጣ። ሲያወጣ አየሁት።"